ከቦርዶ የወይን ማሳ እስከ ሄንዳይ ገደል

«ሻቶ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንግዳን ያሞኛል።

ከቦርዶ ከተማ ወጥቶ ወደ ሰሜን፣ በጂሮንድ ወንዝ ግራ ዳርቻ ወደ ተዘረጋው የሜዶክ ምድር ያቀና ሰው በየመታጠፊያው «ሻቶ» የሚል ሰሌዳ ያነባል። ቃሉ ግንብ ወይም የመሳፍንት ቤት ማለት ነው። እንግዳው የጎንደርን ግንቦች በዓይነ ሕሊናው ይዞ ማማና ቅጥር ይጠብቃል። መኪናው ሲቆም የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት፣ ከጎኑ የበርሜል ማከማቻ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ እንደ ተሰመረ ደብተር የተደረደረ የወይን ተክል ነው። እንደ ሻቶ ማርጎ ያሉ፣ ዓምዶቻቸው ከሩቅ የሚታዩ እውነተኛ የባለጸጋ ቤቶች የሉም አይባልም። ቢሆንም በቦርዶ «ሻቶ» ከሕንፃ ይልቅ ማዕረግ ነው። በገዛ መሬቱ ያበቀለውን ወይን ጠምቆ የሚሸጥ ባለርስት በጠርሙሱ ላይ ይጽፈዋል።

በማዕረጉ ቀልድ የለም። በ1855 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ የቦርዶ ወይን በየደረጃው ተለይቶ እንዲቀርብ ፈለጉ። ሥራው ለከተማው የወይን ደላሎች ተሰጠ። ደላሎቹ እየቀመሱ አልተከራከሩም፤ እያንዳንዱ ወይን ለዓመታት ያወጣውን ዋጋ መዝገብ አይተው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ አወጡለት። ያ የደላላ ዝርዝር ዛሬም ይሠራል። በቀይ ወይን አንደኛ ደረጃ ላይ የሚገኙት አምስት ብቻ ናቸው፦ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ፣ ኦ-ብሪዮን እና ሙቶን ሮትሺልድ። ሙቶን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ያደገው በ1973 ነው፤ እሱም ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ለአሥርታት ደጅ ከጠኑ በኋላ።

ዋጋውን የሠራው ግን አፈሩ ነው። ከወንዙ ግራ ያለው መሬት ጠጠር ይበዛበታል። ጠጠሩ ውኃ አያቁርም፣ ቀን የሞቀውንም ሌሊት ለተክሉ ይመልሳል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ዘር ይስማማዋል። ከወንዙ ቀኝ፣ በሳንቴሚሊዮን በኩል፣ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ ሜርሎ ይነግሣል። ንግዱን ያስፋፋው ደግሞ ጋብቻ ነው። የአኪቴን ወይዘሮ ኤሌኖር በ1152 ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች፤ ባሏ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን ምድሯ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል፣ እስከ 1453ቱ የካስቲዮን ጦርነት ድረስ፣ የቦርዶ በርሜል በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጋዝ ኖረ።

ዛሬ የሜዶክን መንገድ የሚያቋርጥ ጎብኚ ያልጠበቀውን ነገርም ያያል፤ ከነሥሩ ተነቅሎ የተቆለለ የወይን ግንድ። ፈረንሳውያን ቀይ ወይን መጠጣት ቀንሰዋል፣ የውጭውም ገበያ ቀዝቅዟል። መንግሥትና የወይን አምራቾች ማኅበር በ2023 በቦርዶ ዙሪያ ወደ 9,500 ሄክታር የሚጠጋ የወይን ተክል በካሣ እንዲነቀል ዕቅድ አወጡ። የአንደኛ ደረጃዎቹ ጠርሙስ በመቶዎች ዩሮ ሲሸጥ፣ ስም የሌለው ጎረቤታቸው ወይኑን ለመንቀል ገንዘብ ይቀበላል። የሻቶዎቹ አስጎብኚዎች ይህን ሲያነሱ እምብዛም አይሰሙም።

ቦርዶ ራሷ ውብ ከተማ ናት፤ ውበቷ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። በጋሮን ወንዝ ዳር በጨረቃ ቅርጽ ታጥፎ የተሰለፈው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ሕንፃ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ድንጋይ ያስጠረበው ገንዘብ ከወይን ብቻ አልመጣም። ከዚህ ወደብ ወደ 500 የሚጠጉ የባሪያ ንግድ ጉዞዎች ተነሥተው ከ120,000 በላይ አፍሪካውያንን ወደ አሜሪካ አግዘዋል። ስኳርና ቡና ጭነው የሚመለሱት መርከቦችም የነጋዴውን ካዝና ሞሉ።

በዚያው ወንዝ ዳር የአንዲት ሴት የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ሞዴስት ቴስታስ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ስሟ አል ፑዌሲ ነበር፤ በ1765 ገደማ በኢትዮጵያ ምድር እንደ ተወለደች ይነገራል። በልጅነቷ ተማርካ የቦርዶ ነጋዴዎች የሆኑ የቴስታስ ወንድማማቾች ገዟት፤ ዛሬ ሄይቲ ወደሚባለው ወደ ሳን-ዶሚንግም ወሰዷት። በኋላ ነጻ ወጣች። ከመቶ ዓመት በላይ ኖራ በ1870 እንዳረፈች ተጽፏል፤ የልጅ ልጇ ፍራንሷ ዴኒ ሌጂቲም የሄይቲ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። ሐውልቱን የሠራው የሄይቲ ቀራጺ ዉድሊ ካይሚት ነው፤ የተመረቀው ግንቦት 10 ቀን 2019 ነው። ወንዙን ይዞ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው በአጠገቧ ያልፋል፤ የሚቆመው ግን ጥቂት ነው።

የቦርዶና የኢትዮጵያ ነገር በዚህ አያበቃም። መቀመጫውን በዚሁ ከተማ ዳር ያደረገው የካስቴል ኩባንያ፣ በአገራችን በቢራ ንግዱ የሚታወቀው፣ የቦርዶ የወይን ችግኝ አምጥቶ ዝዋይ ላይ ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም በ2014 ገበያ ላይ ዋሉ። ሜዶክ ላይ የወይን ገበሬ የሚፈራው በረዶና ሻጋታ ነው። ዝዋይ ላይ ግን ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈር ግድ ሆነ።

የወይኑን አገር ትቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ባቡር ላንድ የተባለውን የጥድ ጫካ ይሰነጥቃል። ይህ ጫካ የሰው እጅ ሥራ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቦታው ረግረግና አሸዋ ነበር፤ እረኞቹ በጎቻቸውን ከሩቅ ለማየትና እግራቸው ውኃ እንዳይነካ በረጅም የእንጨት እግር ላይ ቆመው ይሄዱ ነበር። በ1857 የወጣ ሕግ ረግረጉ ተጠፍፎ ጥድ እንዲተከል አዘዘ። ከጫካው በስተምዕራብ፣ ከአርካሾን ከተማ አጠገብ፣ የፒላ የአሸዋ ተራራ ከባሕሩ ጥግ ቁጭ ብሏል፤ ቁመቱ 100 ሜትር ያልፋል፣ ርዝመቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ነፋሱ እየገፋው በየዓመቱ ጥቂት ሜትር ወደ ጫካው ይገባል። በሐምሌ 2022 በአካባቢው የተነሣው እሳት በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ጥድ አቃጠለ፤ ከአሸዋው ግርጌ የነበሩ የድንኳን መስፈሪያዎችም አመድ ሆኑ።

ቢያሪትዝ ላይ መውረድ ለሚፈልግ ብዙ የሚታይ አለ፤ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ለእቴጌ ኡዤኒ ያሠሩት፣ ዛሬ ሆቴል የሆነው የባሕር ዳር ቤት፣ በ1957 ፈረንሳይ ውስጥ ማዕበል መጋለብ የተጀመረበት ዳርቻ። ከዚያ ቀጥሎ ሳን-ዣን-ደ-ሉዝ አለ። ሉዊ 14ኛ በሰኔ 1660 የስፔይንን ልዕልት ያገቡት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሙሽሮቹ የወጡበት በር ከዚያ በኋላ በድንጋይ ተደፍኗል። የባቡሩ መንገድ የሚያልቀው ደግሞ ሄንዳይ ላይ ነው። ከሄንዳይ ወዲያ የቢዳሶዋ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ስፔይን። ወንዙ መካከል ያለችው ትንሽ የፌዛን ደሴት በየስድስት ወሩ ባለቤቷን ትቀይራለች፤ ስድስት ወር የፈረንሳይ፣ ስድስት ወር የስፔይን።

ሄንዳይ ለባሕር ዋናተኛ ረጅም አሸዋ አላት። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ግን ያላት ሌላ ነው።

ከአሸዋው ጫፍ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚደበድበው ገደል ላይ፣ አባዲያ የሚባለው ግንብ ቆሟል። ይህ ሻቶ ማማ አለው፣ ቅጥር አለው፣ እንደ ስሙም ግንብ ይመስላል። ግድግዳው ላይ ግን በፈረንሳይ ምድር የማይታወቅ አራዊት ይርመሰመሳል፤ ዝንጀሮና ዝሆን። የመግቢያውን በር ከግራና ከቀኝ የሚጠብቁት ሁለት የድንጋይ አዞዎች ናቸው። ከበሩ በላይ በአይርላንድ ቋንቋ መቶ ሺህ ጊዜ «እንኳን ደህና መጣህ» ይላል። አዞ በር ላይ አቁሞ መቶ ሺህ ሰላምታ ማቅረብ፣ ባለቤቱ ቀልድ አዋቂ እንደ ነበር ይጠቁማል።

ባለቤቱ አንቷን ዳባዲ ነው። በ1810 ደብሊን ላይ ከባስክ አባትና ከአይርላንዳዊት እናት ተወለደ። በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወረደ፤ ከኢትዮጵያ ምድር የወጡት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ትግራይን ደጃዝማች ውቤ፣ ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር። አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ በጦር ሜዳም አብሯቸው ዋለ። አንቷን ግን የመለኪያ መሣሪያውን ተሸክሞ ከተራራ ተራራ ይወጣ ነበር። ከአንዱ ጫፍ ሌላውን ጫፍ እያነጻጸረ፣ ማዕዘን እየለካ የአገሪቱን ካርታ ሠራ። በ1843 እስከ ኢናሪያ ዘልቆ የአገሩን ንጉሥ የአባ ባጊቦን ግቢ አየ፤ ንጉሡ ከካፋ ሚስት ሲያመጡም ከሙሽራ አጃቢዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ካፋ ደረሰ።

ሁሉም ነገር አልሠመረለትም። የዓባይን ምንጭ በጊቤና በኦሞ በኩል አገኘሁ ብሎ ለዓለም አወጀ፤ ተሳስቶ ነበር። ጎጃምን በእግሩ ያካለለው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ አምርሮ ተከራከረው፤ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር የሸለመውን ሜዳሊያ እስከ መመለስም ደረሰ። ታሪክ በዚህ ነገር ለቢክ ፈረደ።

ዳባዲ ያልተሳሳተው በመጽሐፍ ነገር ነው። በቆይታው የብራና መጻሕፍት ገዛ፣ ያልተሸጠለትንም አስገለበጠ። በ1859 ባሳተመው ዝርዝር ላይ የሰፈሩት 234 ናቸው፤ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእርሱ ስም ተለይተው ይቀመጣሉ። የግዕዝ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቅሷቸዋል። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ብራናዎቹ ከአገር መውጣታቸው የሚያስቆጭ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ግን የመቅደላን ያህል በጦር የተዘረፉ አይደሉም።

ግንቡ ከ1864 ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። ንድፉን ያወጣው የፓሪሱን ኖትር ዳም የጠገነው ቪዮሌ-ለ-ዱክ ነው፤ ሥራውን የተከታተለው ደቀ መዝሙሩ ኤድሞን ዱቷ ነው። ቤቱ ሦስት ክንፍ አለው፤ አንዱ ለጥናት፣ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለእንግዳ። አዞዎቹን አልፎ የገባ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ላይ የተሣለውን የኢትዮጵያ ኑሮ ነው፤ ነጭ ሸማ የለበሱ ሰዎች በጎቲክ ቅስት ሥር። ከደረጃው ግርጌ መብራት የያዘ ኢትዮጵያዊ ወጣት በእንጨት ተቀርጾ ቆሟል፤ ስሙ አብዱላህ ነው። ቦርዶ ላይ የሞዴስትን ሐውልት አይቶ የመጣ ሰው ሁለቱን ሳያነጻጽር አያልፍም። እሷ እንደ ሰው፣ ከነታሪኳ፣ በአደባባይ ቆማለች። እሱ ግን እስከ ዛሬ በሰው ቤት መብራት ያዥ ነው።

ቤቱ በጽሑፍ የተሞላ ነው። በላቲን፣ በዐረብኛ፣ በባስክ፣ በአማርኛ፣ በሌላም ብዙ ቋንቋ ከጣሪያ እስከ ምድጃ አባባል ተጽፏል። ባስክኛና አማርኛ በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘታቸው የባለቤቱ የሕይወት ታሪክ ነው። ዳባዲ የአባቱን ቋንቋ ከሞት ለማዳን ለባስክ ባለቅኔዎች የሽልማት ውድድር ያዘጋጅ ነበር፤ ባስኮችም «የባስኮች አባት» ብለውታል። የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ለመጻፍ የታገሠ ሰው የራሱን ችላ አላለም።

ከሁሉም የሚያስቀው ቀዳዳው ነው። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማጥናት፣ 905 ሜትር የሚረዝመውን የላ ሩን ተራራ ጫፍ ከክፍሉ ሆኖ ለማየት አሰበ። ስለዚህ የቤቱን ግድግዳዎች ከዳር እስከ ዳር አስበሳ። አልተሳካም፤ ምንም አልታየም። ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ በላዩ ላይ በባስክኛ «አላየሁም፣ አልተማርኩም» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አስቀረጸ። ሳይንቲስት ውድቀቱን በገዛ ግድግዳው ላይ ሲያስቀርጽ ብዙ አይታይም።

የከዋክብት መመልከቻው ግን ሠርቷል። በክፍሉ ውስጥ ጣሪያው በቀጭኑ ተከፍቶ፣ ኮከብ የሰማዩን መካከል ሲያቋርጥ ሰዓቱንና ከፍታውን የሚመዘግብ መነጽር አለ። ዳባዲ ቤቱንና ርስቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ ቃል አስገብቶ ነበር፤ አካዳሚው በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብትን ዝርዝር ማዘጋጀት አለበት። ሥራውን የተረከቡት ካህናት ናቸው። ቀን ቅዳሴ፣ ሌሊት ኮከብ ቆጠራ፤ መመልከቻው እስከ 1975 አገልግሏል። ዳባዲ በ1897 ዐርፎ ከባለቤቱ ከቪርዢኒ ጋር የተቀበረው በዚያው ግንብ ጸሎት ቤት ነው።

ግንቡ ግን አላለቀም። ዳባዲ ወጣት ሳለ በ1836 ወደ ብራዚል ሲጓዝ፣ በመርከቡ ላይ ከፈረንሳይ የተባረረ አንድ ልዑል አገኘ፤ ሉዊ-ናፖሊዮን። ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ፤ ልዑሉም ሲሾም የፈለገውን እንደሚያደርግለት ቃል ገባ ይባላል። ልዑሉ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ሆኖ ሲነግሥ ዳባዲ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ የግንቤን የመጨረሻ ድንጋይ አንተ አኑርልኝ አለው። ቀኑ ሳይደርስ በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ ንጉሡ ተማርከው ዙፋናቸውን አጡ። አንድ የመስኮት ሰገነት ላይ የዚያ ድንጋይ ቦታ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ወይን ፍለጋ የመጣ መንገደኛም ባዶ እጁን አይመለስም። ከሄንዳይ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፒሬኔ ተራሮች ሲወጣ ኢሩሌጊ የምትባል የወይን ምድር አለች፤ በሰሜኑ ባስክ አገር ብቸኛዋ ናት፤ ስሟ ሕጋዊ ጥበቃ ያገኘው በ1970 ነው። ጠቅላላ ስፋቷ ወደ 240 ሄክታር ነው፤ ከቦርዶው የመንቀያ ዕቅድ አንድ አርባኛ ገደማ። ተክሉ ቁልቁለቱ ላይ በእርከን ተደርድሯል፤ ታና የሚባለው ጥቁር ዘር ወይኑን ኮስታራ ያደርገዋል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው እዚህ ዓይኑ አይደናገርም። የ1855ቱ የቦርዶ ደላሎች ኢሩሌጊን አልመደቧትም፤ ቀምሰው ለሚያወዳድሩ ሰዎች ግን ከሜዶክ መካከለኛ ሻቶዎች አታንስም።

ከፓሪስ ቦርዶ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት፣ ከቦርዶ ሄንዳይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አባዲያን ከአስጎብኚ ጋር መጎብኘት ይቻላል። አማርኛ የሚያነብ ጎብኚ ግን አስጎብኚውን የሚቀድምበት አንድ ክፍል አለ፤ የምግብ አዳራሹ። ዳባዲ እዚያ ባሉት ወንበሮች ጀርባ ላይ የፊደል ሆሄያት አስቀርጿል። ሆሄያቱ በየወንበሩ ተበታትነው ትርጉም የላቸውም፤ ወንበሮቹ በትክክለኛ ተራቸው ጠረጴዛውን ሲከቡ ግን፣ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይገኝ የሚለምን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። ወደ ሄንዳይ የሚሄድ አንባቢ ካለ፣ ወንበሮቹ በተራቸው መቀመጣቸውን ያረጋግጥ።